ጥቁሩ ፕላስተር

በፍቃዱ እባላለሁ። ሶማሌ ተራ፣ ፎቅ ላይ ስቱዲዮ ከፍቼ ካሴት አቀናብራለሁ። በኪቦርዴ ስክሪን ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጥፌ ስድስት ዓመት ኖርኩ። ሥራው ያስተማረን ነው፤ የመርካቶ ኪቦርዲስት ድምፅህን የሠራህበትን ቁጥር ካየብህ በሳምንቱ በሌላ ሰው ካሴት ላይ ትሰማዋለህ። ማዕረግ የሚባል ኪቦርዲስት የማሲንቆዋን ድምፅ ብቻ ስጠኝ ብሎ ቢለምነኝ፣ ሂድ የራስህን ሥራ ብዬ አባረርኩት። ሌላው እንኳ ይሁን፣ ማሲንቆዋ እንዴት ትሰጣለች!

ማሲንቆዋ ማለት በሪሁን ነው። ከጎጃም መጥቶ በርበሬ በረንዳ የሚሸከም፣ ሸክም ሲጠፋ ማሲንቆ የሚመታ ሰው ነበር። ሦስት ወር ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ እያስነጠሰ፣ እኔ የኪቦርዱን ድምፅ ስቀንስ ስጨምር፣ ገና አልነከሰም፣ ትንሽ ይንከስ እያለ አቃናኝ። የተሳካ ቀን እሱ ራሱ ደንግጦ የገዛ ማሲንቆውን አየ። ከዚያስ? ኪቦርዱ ካለ ማሲንቆ መቺ ማን ይጠራል? ድምፁን ወስጄ እሱን ወደ ሸክሙ መለስኩት። አንድ ቀን እንኳ ብቻውን አስቀምጬ አልቀዳሁትም፤ ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከሞተ በኋላ በርበሬ የምትቸረችረው ሚስቱ ሠርኬ በየሙት ዓመቱ ደረጃዬን ትወጣለች። በሪሁንን አንዴ ያሰሙኝ ትላለች። ካሴቶቹ ላይማ ከበሮው ውጦታል። እኔ በኪቦርዱ ማሲንቆዋን ብቻ እጫወትላታለሁ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታዳምጣለች፣ መርቃኝ ትወርዳለች።

በዘጠና ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ሙት ዓመቱ ሲቃረብ፣ ኮምፒውተር ነጋዴው ሁዛይፋ አስፈራራኝ። ኪቦርዱ የሠራኋቸውን ድምፆች የሚይዝልኝ በአንዲት ትንሽ ባትሪ ነው፤ እሷ ካለቀች ሁሉም ይጠፋል አለ። መላም ነበረው። ኪቦርድና ኮምፒውተር የሚነጋገሩበት ተራው ሚዲ የትኛው ቁልፍ እንደተነካ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ሲስኤክስ የሚሉት መልእክት ግን በፋብሪካው በራሱ ቋንቋ ከኪቦርዱ ጋር ተነጋግሮ የሆድ ዕቃውን ሁሉ ያወጣዋል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የሙዚቃ ፕሮግራምም ይቀዳዋል።

ኮምፒውተሩን አምጥቶ ገመዱን ሰካ። መጀመሪያ ለሙከራ፣ ሱቁ ካለው ተመሳሳይ ኪቦርድ የቀዳውን ወደ እኔ ኪቦርድ ሊልክ ነው።

"ማሽኑ ያንተን አጥፍቼ ይኼን ልቀበል ወይ ይላል። ከጠየቀ ገመዱ ይሠራል ማለት ነው፤ አይሆንም ይበሉት። ቀጥሎ የእርስዎን ስንቀዳ ልላክ ወይ ይላል፤ እሺ ይበሉት። ግን ጋሼ፣ ፕላስተሩን ይላጡና እያነበቡ።"

በሁዛይፋ ፊት ልላጠው? ነገ መርካቶ ሙሉ ሊያውቀው! ፊትህን አዙር፣ እኔ በጣቴ አውቀዋለሁ አልኩት። ማሽኑ ሲጠይቅ ጢጥ ይላል። አንዴ ጢጥ አለ፤ አይሆንም አልኩ። ደግሞ ጢጥ አለ፤ እሺ አልኩ።

ማሲንቆዋን ስጠራ የፋብሪካ ቫዮሊን ወጣ። ፕላስተሩን ያኔ ቦጨቅኩት። ሁዛይፋ ደግሞ ልኮ አሳየኝ፤ የመጀመሪያዋ ጢጥ ባትሪዬ ደክሟል፣ ላስታውስህ ወይ ማለቷ ነበር። እሺ ያልኩት ለካ ለማጥፋቱ ኖሯል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ድምፁ ሌላ ሰው ጋ የለም ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ማዕረግ ትዝ አለኝና አንገቴን ደፋሁ።

ሠርኬ በቀኗ መጣች። ልነግራት አስቤ ነበር፤ እኔ ፈሪ! ቫዮሊኑን እንዳቅሜ አሻክሬ የበሪሁንን ዜማ ተጫወትኩላት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማች።

"ጋሼ፣ ጠፋኝ እኮ" አለች። "የገዛ ባሌን ድምፅ ረሳሁት።"

እኔ ፊት አልቅሳ አታውቅም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው ልል አፌን ከፈትኩ።

"አይዞሽ" አልኳት፣ "ጊዜ የማያስረሳው የለም።"

እንደ ልማዷ መርቃኝ ወረደች።