የፉሳኤ የፕሪም ቅርንጫፍ

ሰው ዐይን እያለው እንዴት አያይም? ገበሬዋን ፉሳኤን ሲያንገበግባት የኖረው ይኸው ነበር። ባሏን ከቀበረች ወዲህ የመንደሩ አዳራሽ እየሄደች በጥቁር ቀለም መሳል ስትማር፣ አንድም ሥዕሏ በክብር ቦታው ተሰቅሎ አያውቅም። የክብር ቦታው በግድግዳው ውስጥ ገባ ያለች፣ አንድ ሥዕል ብቻ የምትይዝ ጠባብ ስፍራ ናት። ወቅት በተለወጠ ቁጥር እዚያ የሚሰቀለው የቶሜኖ ነው። ቶሜኖ የሩዝ መጠጥ ጠማቂው ሀብታም መበለት ናት፤ እጇ አፈር ነክቶ አያውቅም። አንድ ቀን ሁሉም እየሰማ፣ “ፉሳኤ፣ ብሩሹን እንደ መቆፈሪያ አትጨብጪው እንጂ፤ ወረቀቱ ውስጥ ድንች የለም” ብትላት አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ፉሳኤ ያን ሳቅ ዋጠችው እንጂ አልረሳችውም። የበረዶውን ወራት በሙሉ ደረቁን የቀለም ጥፍጥፍ ድንጋይ ላይ በውሃ እያሸች አንድ የፕሪም ቅርንጫፍ ብቻ ስትስል ከረመች። በዚህ ሥራ መደለዝ የለም። ብሩሹ አንዴ ካረፈ አረፈ ነው፤ የተነካካ መስመር ከሩቅ ያስታውቃል። የተበላሸውን እያነደደች እሳት ሞቀችበት። በመጨረሻ አንዱ ወጣላት፤ አሮጌ ጎባጣ ቅርንጫፍ፣ ጫፉ ላይ ለመፈንዳት የደረሱ እምቡጦች። በዕድሜ ልጇ የሚሆነው መምህር ኩራሞቺ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። ከዚያ ለመጪው ስብሰባ የሚሰቀለው ይህ ነው አለ። ቶሜኖ ሻይዋን ፉት አለች።

የስብሰባው ዕለት ፉሳኤ ማንም ሳይመጣ ማልዳ ደረሰች። አዳራሹ ደጅ ላይ ያረጀ የፕሪም ዛፍ አለ። ቀና ብትል፣ በረዶ ካረፈበት ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ አንዲት ነጭ አበባ ፈንድታለች።

ልማዱን የማያውቅ የለም፤ ሥዕል ወቅቱን ቀድሞ ይሰቀላል፣ እውነተኛው አበባ ሲፈነዳ ይወርዳል። በራፍ ላይ ዛፉ አብቦ ቆሞ ውስጥ የተሳለውን መስቀል ነውር ነው።

ግራ ቀኝ አየች። አንዲት አበባ መቀንጠስ ምን አላት? ማን ያያል? እጇን ሰደደች። ስትጠጋ ግን አበባዋን አየቻት። እንደ ወረቀት ስስ ናት፤ የጠዋቱ ብርሃን በውስጧ ያልፋል። ነጭነቷ የት አልቆ በረዶው የት እንደጀመረ አይለይም። ፉሳኤ ያን ሁሉ ወረቀት ያነደደችው ይቺን ፍለጋ ነበር፤ ይቺ ደግሞ ማንንም ሳታስቸግር በአንድ ሌሊት ወጥታለች።

“አንቺ ቀዥቃዣ፣” አለቻት፣ “ትንሽ ብትታገሺኝ ምን ነበረበት?”

እጇን መለሰች።

ሰዎቹ ሲሰበሰቡ ሥዕሏ እንደማይሰቀል ራሷ ነገረቻቸው፤ ምክንያቱን ውጪ ወጥታችሁ እዩ አለች። መምህሩ አይቶ ተመለሰና አንገቱን አከከ።

“እማማ ፉሳኤ፣ አንዲት አበባ እኮ ናት። እንዳላየን እንለፋት።”

“እኔ አይቻታለሁ፣” አለች።

የክብር ቦታው ባዶ ሊውል ሆነ። መምህሩ ሌላ ሥዕል የያዘ እንዳለ ቢጠይቅ ቶሜኖ እንዲያርምላት ያመጣችውን ከጨርቅ መጠቅለያ አወጣች። አንዲት የአኻያ ቀንበጥ ብቻ ናት። ፉሳኤ እንከን ልትፈልግ ጠጋ አለች። ዐይኗ ከላይ ጀምሮ ወረደ፤ ብሩሹ ከወረቀቱ አንዴም አልተነሣም። መሐል ላይ ቀለሙ እየደረቀ ሄዶ የወረቀቱ ነጭ በስንጥቁ ይታያል፤ እዚያ ጋ ነፋሱ አለ። ነፋስ በጥቁር ቀለም! እስከ ዛሬ የቶሜኖ ሥዕል የሚሰቀለው ለሀብቷ ነው ስትል ኖራለች። አሁን ግን ከእንከን አንድም አጣች፤ ቆማ ማየት ብቻ ሆነ።

ሥዕሉን ከቶሜኖ እጅ ወስዳ ራሷ ሰቀለችው። ወደ ኋላ ሸሸት ብላ አየች፤ ሄዳ ደግሞ አቃናችው።

ቶሜኖ አጠገቧ መጣች፤ ለወትሮው የማይጠፋት ቀልድ ዛሬ የለም። “ያንቺ ቅርንጫፍ ይሻል ነበር፣” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

“እኔን ማባበሉን ተዪው፣” አለች ፉሳኤ። በሩ አጠገብ ካለው ቦታዋ ድንጋዩንና ቀለሙን አምጥታ ሰሌኑ ላይ ቶሜኖ ፊት አስቀመጠች። “ቁጭ በዪ። ቀለሙን እኔ አሽልሻለሁ። ያችን ቀንበጥ እዚሁ ዐይኔ እያየ ድገሚያት፣ ነፋሱን እንዴት እንዳስገባሽው ልይ። እስክታሳዪኝ ድረስ ሻይ የሚባል ነገር የለም።”