የማይከፈተው መስኮት

አርክቴክቷ አንድ ልማድ አላት። መሠረት ከመቆፈሩ በፊት የቤቱን ክፍሎች መሬት ላይ በችካልና በሲባጎ ትዘረጋና፣ ባለቤቶቹን መሃል ላይ ወንበር አስቀምጣ የሚታያቸውን ትጠይቃለች። ግንበኞቹ «ባለሲባጎዋ» እያሉ ያሾፉባታል፤ እሷ ግን ደንታም የላት። ወረቀት ይዋሻል፣ ወንበር አይዋሽም ባይ ናት።

ያን ጠዋት ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ዕድሜያቸውን ሙሉ ወይን ሲከረክሙ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው እርሻውን ለልጃቸው አስረክበዋል፤ ልጅቱም ከወይኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ቤት ልታሠራላቸው ተነሥታለች። አርክቴክቷ ለሳሎኑ ግድግዳ የሚያህል መስኮት ነድፋለታለች፤ እስከ ወንዙ ድረስ ተሰልፎ የሚወርደው ወይን ሁሉ ቤት የገባ እስኪመስል። በዚህ መስኮት ትኮራለች፤ እውነቱን ለመናገር ኩራቱ ትንሽ በዝቷል።

ሽማግሌው ቁልቁል አዩ፣ ተነሡ፣ ከዚያም ወንበሩን አዙረው ጀርባቸውን ለወይኑ ሰጥተው ተቀመጡ።

«ፀሐዩ አስቸገረዎት አባባ?» አለች አርክቴክቷ።

«ፀሐይ ምን አደረገኝ። ይልቅ መስኮቱን ወደ መንገዱ አዙሪው ልጄ።»

የአርክቴክቷ ፊት ቅጭም አለ። አጠገባቸው የቆመችው የልጅቱ ግን ባሰ፤ እንባዋ መጣ።

«አባዬ፣ ቁጭ ብለህ እንድታየው ብዬ እኮ ነው እዚህ የማሠራው።»

«እዚህ ስቀመጥ የማየው ወይኑን አይደለም፣ አንቺን ነው» አሉ። «አባቴ እስኪሞት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያየኝ ነበር። ያን ተወው፣ ይሄን ቁረጠው ሲለኝ፣ አንዲት ቅርንጫፍ በራሴ ልብ ሳልቆርጥ ጸጉሬ ሸበተ። የኔም ዓይን ጀርባሽ ላይ ካረፈ መቀሱ ያንቺ አይሆንም።»

ልጅቱ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። «እኔ ደግሞ እንድታየኝ እፈልጋለሁ» አለች። «ዝም ብለህ እየኝ።»

«ዝም ማለትማ አልችልም። ራሴን አላውቀውም እንዴ?»

አርክቴክቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ንድፉን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና የመስኮቱን መክፈቻ በእርሳስ ሰረዘችው።

«እንግዲያው አይከፈትም» አለች። «ድምፅ የማያሳልፍ ድርብ መስታወት ይሆናል፤ አየር በጓሮ በኩል ይገባል። እርስዎ ያሻዎትን ይናገሩ፣ እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ።»

ሽማግሌው እያጉረመረሙ ወንበሩን መለሱት።

ቤቱ አልቆ የመጀመሪያው የክርከማ ወቅት ሲደርስ አርክቴክቷ ልትጠይቃቸው መጣች። ሽማግሌው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው እጃቸውን እያወናጨፉ ይጮሃሉ። ልጅቱ ታች ሆና ቀና ትላለች፣ እጇን ታውለበልብላቸዋለች፣ ከዚያም የፈለገችውን ትቆርጣለች። ወዲያው ከአሮጌዎቹ ግንዶች አንዱ ዘንድ ደረሰችና እንደ ክንድ የተዘረጋውን ትልቁን ቅርንጫፍ በመጋዝ ጣለችው። ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

«ተሳሳተች እንዴ?» አለች አርክቴክቷ።

ሽማግሌው ከወደቀው ክንድ ላይ ዓይናቸውን አላነሡም።

«አልተሳሳተችም» አሉ። «ያን ክንድ ከወጣትነቴ ጀምሮ ልቆርጠው አስብ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ እንኳን ፈራሁ።»