ጀርባውን ለኩሬው የሚሰጠው ካፒቴን

ነገሩን የሰማው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ኒውካስል ወደብ ላይ፣ ከተጠቀለለ የመርከብ ገመድ ጀርባ ተቀምጦ ምሳውን ሲበላ። ሁለት ሽማግሌ የጎታች መርከብ ካፒቴኖች ከገመዱ ወዲያ ቆመው ሰው ያማሉ።

«ቀኑን ሙሉ መርከብ ሲጎትት ይውላል፤ ቤቱ ሲገባ ደግሞ የገላ መታጠቢያውን ገንዳ ሞልቶ በመጫወቻ ጀልባ ሌላ መጫወቻ ይጎትታል አሉ» አለ አንደኛው።

«ሚስቱስ ምን ትላለች?»

«እሷማ የምትታጠበው ጎረቤት ሄዳ ነው።»

ከዚያ አንድ ነገር ተጨምሮ ነበር፤ ክሌም ቫርኮ ግን ረስቶታል። የሚያስታውሰው ሁለቱም እንደሳቁ፣ ሳቃቸውም ክፋት እንዳልነበረበት ብቻ ነው። በሳምንቱ የመጀመሪያዋን መጫወቻ ጀልባውን መሥራት ጀመረ።

ይህ ከሆነ አርባ ሁለት ዓመት አልፏል። ክሌም ዛሬ ራሱ የጎታች መርከብ ካፒቴን ነው፤ በሥራ ቀን ሦስት የኳስ ሜዳ የሚረዝም የከሰል መርከብ እንደ በግ እየነዳ ወደብ ያስገባል። ቅዳሜ ጠዋት ከቦውሊንግ ክበቡ ጀርባ ካለው ኩሬ ዳር፣ እንደ እሱ በሬዲዮ የሚታዘዙ ትናንሽ ጀልባዎችና አውሮፕላኖች ከሚወዱ ሰዎች ጋር ይውላል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሦስቱን አላበላልጥም ይላል፤ ሚስቱ ግን ደረጃቸውን ታውቃለች።

በኩሬው ሕግ አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ ይፈተናል። መቆጣጠሪያው ላይ የጀማሪ ምልክት የሆነውን ቢጫ ሪባን ያስራል፤ ጀልባውን በአራት ተንሳፋፊ ኳሶች መካከል ያዞራል፤ ወደ ራሱ መልሶ አምጥቶ ከኩሬው ዳር ካለው ሳንቃ ጎን ያቆማል። ይህን ያላለፈ በዓመቱ የጉተታ ውድድር አይገባም። ክሌም ስድስት ዓመት ሙሉ እምቢ እንዳለ ነው።

«መቶ ሰማንያ ሺህ ቶን ጎትቼ ሳስገባ ሪባን እሰር ያለኝ የለም» ይላል በየስብሰባው።

እውነተኛውን ምክንያት ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚነግረው ግን የለም። ዕድሜ ልኩን መርከብ የነዳው ውስጡ ቆሞ ነው፤ ቀኙ የመርከቡ ቀኝ፣ ግራው የመርከቡ ግራ ሆኖ። ከዳር ሆኖ ለሚነዳ ሰው ግን ጀልባዋ ፊቷን ወደ እሱ ስትመልስ ቀኟ በግራው ይውላል። ይህ ነገር ለክሌም እጅ አልገባ ብሏል። ስለዚህ ጀልባዋ ስትዞር እሱም አብሯት ይዞራል፤ ጀርባውን ለኩሬው ሰጥቶ፣ አንገቱን እንደ ጉጉት ጠምዝዞ፣ በትከሻው ላይ አሻግሮ እያየ ይነዳል። አውሮፕላንም ሲያበር እንዲሁ ነው። የኩሬው ወፎች፣ ፔሊካኖቹ እንኳ ለምደውታል።

በዚያች ቅዳሜ ክሌም አዲሲቷን አውሮፕላኑን ይዞ መጣ። አራት ክረምት የፈጀባት፣ ከቀላል እንጨት ጠርቦ ሐር ያለበሳት፣ ውሃ ላይ የምታርፍ ቢጫ አውሮፕላን ናት። ተነሥታ ኩሬውን ሁለት ጊዜ ዞረች፤ ክሌምም ባለበት ሁለት ጊዜ ዞረ። መሐል ኩሬ ላይ እንደ ዳክዬ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሞተሯ ያን ጊዜ ጠፋ።

ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ነበር። በምሥራቅ በኩል የኩሬው ውሃ ወደ ወንዙ የሚወርድበት ትልቅ ቱቦ አለ፤ ዓምና ሁለት ጀልባ ውጦ አንዱንም አልመለሰም።

«የክበቡን ታንኳ ላውጣ?» አለ ሴሚሲ። ሴሚሲ የክሌምን መርከብ ሞተር የሚጠብቅ፣ ከቶንጋ ደሴቶች የመጣ ግዙፍ ሰው ነው።

«መቅዘፊያዎቹ የሉም» አለ ክሌም ቀስ ብሎ።

«የት ሄደው?»

«እኔ ቤት ናቸው። ቫርኒሽ ቀብቻቸው እየደረቁ ነው።»

«ዋኝቼ ላምጣታ።»

«ዳር የተተከለውን ሰሌዳ አታነብም? ውሃው አረንጓዴ አውጥቷል፤ የገባበትን ሰው ያሳክካል።»

ክሌም የራሱን ትንሽ ጎታች ጀልባ ውሃ ላይ አኖረ። መሄዱስ ሰመረለት፤ ጀልባዋ ከፊቱ እየራቀች አውሮፕላኗ ዘንድ ደረሰች። መመለስ ሲመጣ ግን ጀልባዋ ዞረች፤ እሱም ዞረ። በትከሻው በኩል አውሮፕላኗ አልታይ አለችው። ሲገፋ፣ የገፋው ወደ ቱቦው ሆነ። ሲያፈገፍግ ጀልባዋ የውሃ ሣር ውስጥ ገብታ ቀረች።

«ካፒቴን፣ አሁን ሁለት ሆኑ» አለ ሴሚሲ።

ክሌም ዓይኑን ጨፈነ። ስለ ትልልቅ መርከብ ብዙ ጊዜ ጸልዮ ያውቃል፤ ስለ ሁለት ኪሎ አውሮፕላን ግን እግዜርን ማስቸገር ያሳፍረው ነበር። ዛሬ አላፈረም። ዓይኑን ሲገልጥ ፊት ለፊቱ ኖሊን ፕራት ተጣጣፊ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ኖሊን ጡረታ የወጣች ጸጉር ሠሪ፣ የጀማሪዎቹም ፈታኝ ናት። የሥጋ ፓይ እየበላች ነው፤ መቆጣጠሪያዋ ጭኗ ላይ፣ ቀይ ጎታች ጀልባዋ ውሃው ዳር። እግዜር ሲልክ መልእክተኛ አያስመርጥም። ክሌም ሄዶ ፊቷ ቆመ።

«ኖሊን።»

«አቤት ካፒቴን።»

«አውሮፕላኔ...»

«አየኋት፤ ቆንጆ ናት። ሐር ነው ያለበስካት?»

«ወደ ቱቦው እየሄደች ነው።»

«እሱንም አይቻለሁ።»

«እንግዲያ ጀልባሽን ላኪልኛ።»

ኖሊን ፓይዋን አስቀመጠች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ ሰበሰበች። «ባለፈው ክረምት አንድ ሰዓት ሙሉ በሥዕል እያሳየህ ያስተማርከን ምን ነበር? ባሕር ላይ ለተቸገረ መርከብ ገመድ ከመወርወሩ በፊት...»

«ውል ይቀድማል» አለ ሴሚሲ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለ ክሌም።

«በል እንዋዋል» አለች ኖሊን። «ትፈተናለህ?»

«የወር ፓይሽን እኔ እችላለሁ።»

«ሐኪሜ ቀንሺ ብሎኛል።»

«መቅዘፊያዎቹን ነገ አመጣለሁ።»

«የክበቡን ንብረት ልትመርቅልኝ ነው?»

«የጀልባሽን ስም በወርቅ ቀለም እጽፍልሻለሁ።»

«ጽሑፍህን አይቼዋለሁ፤ ይቅርብኝ።»

ክሌም ድምፁ ዝቅ አለ። «አራት ክረምት ነው የሠራኋት፣ ኖሊን። ሌላ አራት ክረምት ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም።»

ሴሚሲ ትከሻውን ነካው። «ካፒቴን፣ እስቲ ዞር በል።»

ዞረ። ለካ ሲለማመጥ ጀርባውን ለኩሬው ሰጥቶ ኖሯል። ቀይዋ ጀልባ ከቱቦው አፍ ሁለት ክንድ ያህል ላይ ደርሳ አፍንጫዋን ከአውሮፕላኗ ተንሳፋፊ እግር ሥር አስገብታለች። በእርጋታ እየገፋች፣ ቀጥታ ወደ እነሱ ታመጣታለች።

«መቼ ላክሻት?»

«አቤት ስልህ።»

«ውሉስ?»

«የምን ውል? የጓደኛዬን አውሮፕላን ለቱቦ ላበላ ነው እንዴ? ትንሽ ልጫወትብህ ብዬ ነው።»

እንግዲህ የሚያስገድደው ነገር አልነበረም። አመስግኖ፣ አውሮፕላኑን አቅፎ ቤቱ መግባት ይችላል። ክሌም ግን የኖሊንን አውራ ጣቶች እያየ ቆመ። ጀልባዋ ፊት ለፊቷ እየመጣችባት ሴትዮዋ ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም።

«ቀኟ ግራሽ ሲሆን እንዴት አይምታታብሽም?» አለ።

«አላስበውማ። ወደ እኔ ስትመጣ የመቆጣጠሪያውን ዱላ ወዳጋደለችበት ጎን እገፋዋለሁ፤ ሊወድቅ ያለ አጥር እንደሚደግፍ ሰው። ትቃናለች።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ብትጠይቀኝ ከስድስት ዓመት በፊት እነግርህ ነበር።»

አውሮፕላኗ ዳር ደረሰች። ክሌም ጎንበስ ብሎ አነሣት፤ ከክንፏ ላይ አረንጓዴውን ውሃ በእጅጌው ጠረገ። ቀና ሳይል፣

«ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው የምትፈትኚው?» አለ።

«በሦስት።»

«እመጣለሁ።»

ኖሊን ፓይዋን አንሥታ ነበር፤ መልሳ አስቀመጠችው። «ሪባኑስ?»

«አስራለሁ።»

«ፊትህስ?»

ሴሚሲ ሳቁን ሊደብቅ ወደ ፔሊካኖቹ ዞረ። ክሌም ኩሬውን አየ፤ አውሮፕላኑን አየ።

«እሺ» አለ፤ «ፊቴን ወደ ውሃው አድርጌ እነዳለሁ።»