ጨው ተፈቀደላት

ሲስተር ኢንሽራሕን ፖርት ሰዒድ ውስጥ የማያመሰግናት የለም። እኔ ግን አላመሰግናትም። ይህን ስል የሚቆጣ ካለ ይቆጣ፣ ጉዳዬም አይደል። እጇ ደግ መሆኑን ለኔ ማን ሊነግረኝ ነው? ጸጉሬን ስታጥበኝ የከረመችው እኮ እኔን ነው!

ልጄ ነዋራ አሥር ዓመቷ ነበር። ኩላሊቷ እምቢ ብሎ የልጆች ሆስፒታል እንደገባን ብርዱ ወጥቶ ሙቀቱ ገባ። እሷ አልጋው ላይ፣ እኔ አጠገቧ ወንበር ላይ፣ ያውም የስድስት ወር እርጉዝ ሆኜ። ልጇ የተኛችባት እናት ራሷን ትረሳለች፤ ማበጠሪያ የሚባል ነገር ዓለም ላይ መኖሩም ይጠፋታል። ኢንሽራሕ ግን ሐሙስ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ እጅጌዋን ሰብስባ ትመጣለች።

"ተነሺ! ልጅሽ አንቺን አይታ ነው የምትፈራው፣ መርፌውን አይደለም" ትላለች።

የክፍሉን እናቶች ተራ በተራ ኮሪደሩ መጨረሻ ወዳለው መታጠቢያ ቤት ትወስደናለች። በሩን ቆልፋ፣ ሻሻችንን አስወልቃ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ጀርባችንን ለገንዳው አሰጥታ፣ ለብ ያለ ውሃ በጆግ እያፈሰሰች ታጥበናለች። ማንም ያዘዛት ሥራ አይደለም። ወላሂ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ ራሴን እንደዚያ አድርጎ የነካኝ ሰው አልነበረም።

ክፉ ወሬም የምትናገረው እዚያው ነው። ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ ፊትሽ በውሃ ርሶ ስትሰሚው፣ እንባሽን ከውሃው የሚለይብሽ የለም። ስለዚህ ሐሙስ ባልሆነ ቀን "ነይ ጸጉርሽን ልጠብሽ" ካለች ክፍሉ በሙሉ ትንፋሹን ይውጣል። ፊት ለፊታችን ተኝቶ የነበረውን የሐምዲን እናት አንድ እሁድ ጠራቻት። ሴትዮዋ ጸጉሯ እየተንጠባጠበ ተመልሳ መጥታ፣ የልጇን ነጠላ ጫማ ከአልጋው ሥር አውጥታ ታቀፈችው። ከዚያ ወዲያ እኔ ከሐሙስ በቀር ሻሼን ጠበቅ አድርጌ ነበር የማስረው።

በመጀመሪያው ሐሙስ አስማልኳት።

"ሲስተር፣ ባሌ ሆደ ቡቡ ነው፣ አማቴ ደግሞ ነገር ታበዛለች። የመጣውን ነገር መጀመሪያ ለኔ ንገሪኝ። ለነሱ ሳይሆን ለኔ" አልኳት።

"ላንቺ ነው የምነግርሽ። በእናቴ መቃብር!"

"ክፉም ቢሆን?"

"ክፉ ከሆነማ ይበልጡን። አሁን አፍሽን ዝጊ፣ ሳሙና ይገባብሻል።"

በዚህ ተማመንኩ። ከዚያ በኋላ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ጸጉሬን እያሸች ስለ ልጇ ባል ስንፍና ስታወራልኝ፣ እኔ ልቤ ቅቤ ይጠጣል። ክፉ ነገር ቢኖር ኖሮ ትነግረኝ ነበራ! ሐኪሞቹ ሲንሾካሾኩ እንኳ ደንግጬ አላውቅም።

ነዋራ የተከለከለችው ብዙ ነው፣ ዋናው ግን ጨው ነበር። ምግብ የምታመላልሰው ዓጢያት ጋሪዋን እየገፋች ስትመጣ የነዋራ ሰሃን ላይ ቀይ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ምስሩም፣ ሩዙም፣ ዳቦውም ያለ ጨው። ልጅቷ የምትሞትለት ደግሞ ፈሲኽ ነው። የጸደይ በዓል ሲደርስ ከተማችንን በጠረኑ የሚያጥነው፣ በጨው ታሽቶ የከረመ ዓሣ። አባቷ ገሪብ የጀልባ ሠራተኛ ነው፤ በየዓመቱ ለሷ ብሎ ትልቁን ይዞ ይገባ ነበር።

"ማማ፣ ጭራዋን ብቻ። አልውጣትም፣ እልሳታለሁ" ትለኛለች።

"ስትድኚ።"

"ሽንኩርቱንስ? ዓሣውን የነካ ሽንኩርት?"

"ነዋራ! ስትድኚ አልኩ እኮ!"

ስንቴ ተቆጣኋት! አንድ ቀን አጠገባችን አልጋ ላይ የተኛው የባክር እናት አዝናላት ጨው የነካው ባቄላ ሰጠቻት። እኔ ጣቴን አፏ ውስጥ ከትቼ አወጣሁት። አማቴ ሐጃ ተፊዳ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ገሪብም በሩ ላይ። ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። ሴቶቹ ፊት ልጅ አስለቀስኩ ብለው አፍረው መስሎኝ፣ "ምን ታቀረቅራላችሁ? ለነፍሷ ነው!" አልኳቸው።

ከዚያ ግን ነዋራ መለመኑን ተወች። ሁለት ሦስት ጉርሻ ትበላና "ጠገብኩ፣ ዛሬ ደህና ነኝ ማማ" ትላለች። በነጋታውም ደህና ናት። ሐኪሞቹም ገና ከባቄላው ቀን በፊት ደም ማጣሪያው ማሽን ላይ ማውጣታቸውን ትተው ነበር፤ "ትንሽ አሳርፈናታል" አሉኝ። ልጄ አደገች፣ ልብ ገዛች፣ ኩላሊቷም ተመለሰ ብዬ ለክፍሉ እናቶች ሁሉ ጉራዬን ነዛሁ።

በዓሉ ሲቃረብ አንድ ማክሰኞ ዓጢያት ምሳ ይዛ መጣች። ነዋራን ከሌሎቹ ልጆች ጋር ፀሐይ ሊያሞቋት ሰገነት አውጥተዋት ነበር። ሰሃኗን ሳይ ነጭ አይብ አለበት፣ በጨው ውሃ የተዘፈዘፈ አትክልት አለበት፣ ቀዩ ወረቀት የለም። ደሜ ፈላ።

"አንቺ ሴትዮ! ልጄን ልትገድይብኝ ነው?"

"ኧረ ረጋ በይ የነዋራ እናት! ምልክቱን ያስነሱት ዶክተሩ ናቸው" አለች ዓጢያት፣ ጋሪዋን እያየች። "ጨው ተፈቅዶላታል። የፈለገችውን ትብላ ተብሏል።"

ጨው ተፈቅዶላታል! ሰሃኑን አልጋው ላይ አስቀምጬ እልልታዬን አቀለጥኩት። በክፍላችን ልጅ ድኖ ሲወጣ አንዷ እልል ስትል ሌሎቹ ይቀበሏታል፤ ልማዳችን ነው። ለስንቱ ልጅ ተቀብያለሁ! ያን ቀን የሚቀበለኝ ጠፋ። የባክር እናት ሻሿን አፏ ላይ ጎትታ ወደ ልጇ ዞረች። ዓጢያት ሻዩን ሳታድል ጋሪዋን እየገፋች ወጣች።

"ምን ሆናችኋል? ምቀኝነት ነው እንዴ?" አልኩ።

የባክር እናት ሳትዞር፣ "የኔ እህት፣ ሲስተርን ጠይቂያት" አለችኝ።

ሰሃኑን መልሼ አየሁት። የፈለገችውን ትብላ! ይህንን ስንት ጊዜ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ! ለሐምዲም ብለውለት ነበር።

ኢንሽራሕን አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ አንሶላ ስታጥፍ አገኘኋት።

"ጨው ተፈቅዶላታል አሉኝ" አልኳት።

አንሶላውን አስቀመጠችው። "ነይ እስቲ የኔ እመቤት፣ ጸጉርሽን . . ."

"ጸጉሬን እንዳትነኪ! ዛሬ ሐሙስ አይደለም። እዚሁ ቆመሽ፣ ዓይን ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ።"

ነገረችኝ። ማሽኑን የሚያስገቡበት የደም ሥር ሁሉ ተዘግቷል። ልቧም ደክሟል። ሐኪሞቹ ከዚህ ወዲያ ልጅቷን በመርፌ አናሠቃያት ብለዋል።

"መቼ ነው ያወቃችሁት?"

"ከማሽኑ ያሳረፍናት ጊዜ።"

"ከዚያ ወዲህ እኮ ጸጉሬን አጥበሽኛል!"

"አጥቤሻለሁ።"

"ስለዚያ ሰነፍ ሰውዬ እያወራሽልኝ!"

"ባልሽና አማትሽ እግሬ ላይ ወደቁ" አለችኝ። "ከዚህ በፊት አስወርዷታል፣ ከሰማች ሆዷ ውስጥ ያለውም ይሄዳል፣ በአንድ ጊዜ ሁለቱን አታሳጫት ብለው ለመኑኝ። አዘንኩልሽ እህቴ።"

"ያንቺ ማዘን ይቅርብኝ! የምለው ገባሽ? ለሌላዋ እዘኚላት! የእናትሽን መቃብር ምን አደረግሽው? ማልሽልኝ አልነበር? ስቀሽ ብትሰድቢኝ፣ ገፍትረሽ ብታባርሪኝ ይሻለኝ ነበር። አንቺ እያጠብሽኝ እኔ ደስ ይለኛል!"

ማልቀስ ጀመረች። ታለቅሳለች ደግሞ! ጥያት ወጣሁ።

የመጠየቂያ ሰዓት ስለነበር ገሪብና እናቱ ክፍላችን በር ላይ አገኙኝ። ገሪብ ፊቴን አየ። "ምን ሆንሽ?" አላለኝም። "ማን ነገረሽ?" ነው ያለኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመት አብሬው የተኛሁት ሰው!

"ልጄ፣ ላንቺው ብለን እኮ ነው" አለች ሐጃ ተፊዳ፣ እጄን ልትይዝ።

"እርስዎ ዝም ይበሉ! ባቄላ ከአፏ ሳወጣ ቆመው አላዩም? ለቀረቻት ጥቂት ጉርሻ ስጮኽባት፣ ሳስለቅሳት፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ እኔ ብቻ እንደ ሞኝ 'ስትድኚ፣ ስትድኚ' እላለሁ! አንዳችሁ እንኳ 'ተያት፣ ትብላ' ማለት አቃታችሁ? የሄደውን ቀን ማን ይመልስልኛል?"

ገሪብ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

"ተነስ!" አልኩት። "አሁን ማልቀሻህ አይደለም። ፈሲኽ አምጣ። ትልቁን፣ እንቁላል ያለበትን። እርጥብ ሽንኩርትም።"

ተነስቶ ሮጠ። ሲመጣ ቦርሳውን ተቀብዬ፣ "አንተ እዚሁ ቆይ" አልኩትና ብቻዬን ገባሁ። ነዋራ ከሰገነት ተመልሳ፣ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። እንዳየችኝ ፈገግ አለች።

"ዛሬ ደህና ነኝ ማማ።"

"እሰይ የኔ ልጅ።"

ዓሣው የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ጭኔ ላይ ዘረጋሁት። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስንቱ አፍንጫውን ይዞ ይጮኽብኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን የባክር እናት ተነስታ መስኮቱን ብቻ ከፈተችልኝ። ቆዳውን ገፍፌ፣ ሎሚ ጨምቄ፣ ከእንቁላሉም ከሽንኩርቱም አድርጌ በዳቦ ጠቀለልኩ። ጭራዋን ለብቻ አስቀመጥኩላት። ፊቴን እንደምንም ፈገግ አድርጌዋለሁ። በደስታ ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ።

ነዋራ ዓሣውን አላየችውም። እኔን ነው የምታየኝ።

"ነገሩሽ እንዴ?" አለችኝ።

ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ።

"ምኑን?" ልላት አፌ ተከፍቶ ነበር። ግን በዚያ ክፍል ውስጥ የዋሸ አፍ በቅቶኝ ነበር።

"አዎ" አልኳት። "አንቺንስ ማን ነገረሽ?"

"ሲስተር ናት። ባቄላውን ካስተፋሽኝ በኋላ ሰገነት ላይ ጠየቅኳት፣ ለልጅ አልዋሽም አለችኝ። ከዚያ አያቴ፣ ከነገርሻት ሕፃኑ ይወድቅባታል ብላ አስማለችኝ።"

ለኔ ከብዶኛል ብለው፣ የአሥር ዓመት ልጅ ላይ ጭነውባት!

"ማማ፣ ከነገሩሽማ፣ ደህና ነኝ ማለቱን ልተወው?" አለችኝ። "ይደክመኛል።"

"ተይው። ተይው የኔ እናት።"

ራሷን ትራሱ ላይ ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አፏን ከፈተችልኝ። አጎረስኳት። ቀስ ብላ አላመጠች፣ ዋጠች፣ ጨው የነካውን ጣቴንም ላሰችው። ከዚያ ማቃሰት ጀመረች። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስከርም ልጄ ስታቃስት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው።