ሚሊ ቆርጦ የጣለው ጨርቅ

ባሏ እያለቀ መሆኑን አላወቅሁም ብትል ማን ያምናታል? አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ። ቀኑንም በአንዲት ጠባብ የልብስ ስፌት ሱቅ ውስጥ፣ እሱ የስፌት መኪናው ላይ፣ እሷ ቁልፍ ስትተክልና ጠርዝ ስትቀመቅም፣ ፊት ለፊት ተፋጥጠው ይውላሉ። ግን መክሳት መጀመሪያ የሚታየው ልብስ ላይ ነው፤ ሱሪው ይሰፋል፣ ትከሻው ይንጠለጠላል፣ የቀበቶው ጫፍ ይረዝማል። የዚህ ሰውዬ ልብስ ደግሞ አንድም ቀን ሰፍቶት አያውቅም።

ደንበኞቹ ሚሊ ይሉታል። ቢለምኑት፣ ቢያለቅሱለት፣ አንዲት ሚሊ ሜትር ስለማያሳልፍ ነው። ሱሪው ሁልጊዜ ወገቡ ላይ ልክክ ያለ ነው። ጉንጩ ሲሰረጉድ "ዕድሜ ነው" ይላል። መጸዳጃ ቤት ሲመላለስ "ውሃ አብዝቼ ነው" ይላል። ምግብ ሲያስተርፍ "ጠዋት የበላሁት አልወረደም" ይላል። መልስ የማያጣ ሰው ነው፤ ውሸቱንም እንደ ስፌቱ ጥንቅቅ አድርጎ ይሠራዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክር ሊገዛ ወጣ። እሷ የደንበኛ ቀሚስ ስትተኩስ የሱ ሁለት ሱሪዎች ግድግዳው ላይ ተንጠልጥለው አየች፤ ግራጫውና ጥቁሩ። የራሱን ልብስ ማንም እንዲተኩስለት አይፈቅድም ነበር። ካውያው ከጋለ አይቀር ብላ ግራጫውን አውርዳ ገለበጠችው።

ወገቡ ላይ ስፌት አለ። ከስፌቱ ጎን የድሮው ስፌት የመርፌ ቀዳዳ አለ። ከዚያ ወዲያ ሌላ፣ ከዚያም ወዲያ ሌላ። ሰውዬው በከሳ ቁጥር ሱሪውን እያጠበበ እሷን ሲያታልል ነው የከረመው። ንድድ አላት።

ይህን እንኳ ትችለው ነበር። ጥቁሩን ስትገለብጥ ግን ካውያውን አስቀምጣ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው።

ልብስ የሚያጠብብ ሰፊ ትርፉን ጨርቅ አይቆርጥም። ወደ ውስጥ አጥፎ ይተወዋል፤ ባለቤቱ ነገ ቢወፍር ተፈትቶ ይሰፋለታል። ሚሊ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም፤ አንድ ጊዜ ተሳስታ የደንበኛ ትርፍ ብትቆርጥ ሳምንቱን ሙሉ ሲነጫነጭባት ከርሟል። ግራጫው ላይ ትርፉ በሙሉ ታጥፎ አለ። ጥቁሩ ላይ ግን፣ በቅርቡ ባጠበበው ላይ፣ ትርፉን ከስፌቱ ሥር ሙልጭ አድርጎ ቆርጦ ጥሎታል። ይህን ያነበበች የልብስ ሰፊ ሚስት ሌላ አስረጂ አያስፈልጋትም። ባሏ ከእንግዲህ ድኖ እንደማይወፍር ቆርጧል፤ አንድ ቃልም አልነገራትም።

ክሩን ይዞ ሲገባ ሱሪውን ገልብጣ አሳየችው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሱሪ ነዋ።"

"ትርፉ የት ሄደ?"

ሚሊ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናገረ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ የክሩን ጥቅል በጣቱ እያሽከረከረ "አባቴንም በዚሁ ነው የጀመረው" አላት። "መጀመሪያ ቁርጠት፣ ቀጥሎ መክሳት፣ ከዚያ..."

"ሐኪም ዘንድ ሄድክ?"

"ሄጄስ? የማውቀውን ሊነግሩኝ?"

"የማታውቀውን ሊነግሩህ ነዋ! አንተ ደረቅ!" ብላ ጮኸችበት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሱቁ የሆድ ጉባኤ ሆነ። እሷ ማን እንደታመመ አትናገርም፤ "አንድ ዘመዳችን" ትላለች፤ ሚሊም አቀርቅሮ መኪናውን ይረግጣል። ጎረቤቱ ጫማ ሠሪ ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ አለ። አንዲት ደንበኛ ሁለት ቀን አውቶቡስ ተሳፍሮ የሚደረስበት አዋቂ ጠቆመች። የገዛ ወንድሟ ትልቁ ሆስፒታል ወረፋ ያዢለት አላት፤ ወረፋው እስኪደርስ ዘመዱ ምን እንደሚሆን ግን ወንድሟም አላወቀም። ሁሉም ከልቡ ነው የሚመክረው፤ ጭንቋን ግን አበዙት እንጂ አላቀለሉትም።

በመጨረሻ የሥራ ልብሷን ልታስጠብብ የመጣች ነርስ ሰማቻት። "እትዬ፣ ለሆድ የሆድ ሐኪም ነው" አለቻት። "የጨጓራና የአንጀት ስፔሻሊስት ፍለጋ ምን ያንከራትታችኋል? እዚሁ ሰፈር አለች። ከብረታ ብረት ሱቁ በላይ፣ ፎቁ ላይ።"

ባልና ሚስት ተያዩ። በዚያ ሱቅ ሥር በየቀኑ ያልፋሉ። የሐኪሟ ታፔላ ከተንጠለጠሉት ባልዲዎችና መሰላሎች ኋላ ተደብቆ ኖሯል። ደግሞ ሚሊ የሚያየው የመንገደኛውን ስፌት ነው፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ፎቅ ሲያይ ማን አይቶት ያውቃል?

ሐኪሟ ደቃቃ፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። ሚሊ ወንድ ጠብቆ ስለነበር ገና ከበሩ ላብ አጠመቀው።

"ሰገራዎ እንዴት ነው?" አለችው።

"ደህና ነው፣ ተመስገን" አለ፣ ስለ ወንድሙ ጤና የተጠየቀ ይመስል።

"ክብደትስ ቀንሰዋል?"

"ኧረ በጭራሽ! ይኸው ሱሪዬ ልኬ ነው።"

ሚስቱ ከዚህ በላይ አልቻለችም። ግራጫውን ሱሪ ከቦርሳዋ መዥረጥ አድርጋ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ ዘረጋችው። ሐኪሟ አልሳቀችም። መነጽሯን አስተካክላ በቀዳዳዎቹ ላይ ጣቷን አሳለፈችና "ይሄኛውን መቼ አጠበቡት?" አለችው። ሚሊ ስለ ስፌት ሲጠየቅ መዋሸት አይችልም። ሙቀቱ ሳይገባ፣ አለ። ይሄኛውስ? አጎቱ ዘንድ ገጠር ከርሞ እንደተመለሰ። ውሃ ከየት ነበር የሚጠጡት? ከጉድጓድ። በባዶ እግር ይሄዱ ነበር? ጭቃ ሲያቦኩ፣ አዎ፤ የአጎቱን ቤት እየሠሩ ነበር።

ሁሉን ከተናዘዘ በኋላ የአባቱንም ሕመም ነገራት።

"እስካላየሁ ድረስ ምንም አልልም" አለችው ሐኪሟ። "ሳልመረምር ግን የአባትዎን በሽታ ለእርስዎ አላወርስም።"

ሆዱን ዳሰሰችው፣ በአልትራሳውንድ አየችው፣ ደም አስቀዳችው። ሰገራውንም በተለያየ ቀን እንዲያመጣ አዘዘችው፤ አንድ ቀን ያልታየ ተውሳክ በሌላ ቀን ይገኛል አለች። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ሚሊ ያንን ዕቃ በእጁ ይዞ መንገድ አይሻገርም። ቁጭ ብሎ ከኮት ገበር በተረፈ ሐር መሳይ ጨርቅ፣ መሳቢያ ገመድ ያለው፣ ጠርዙ የተቀመቀመ ከረጢት ሰፋለት። የላብራቶሪዋ ልጅ ከረጢቱን ስታይ ስጦታ የመጣላት መስሏት "ምነው፣ ለምን ተቸገሩ?" አለችው። ሚሊ እግሬ አውጪኝ ብሎ ደረጃውን ወረደ። ሚስቱ ከስንት ጊዜ በኋላ ያን ቀን ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ መሳቋ አስደነገጣት።

ውጤቱን ሊሰሙ የሄዱ ዕለት ሚሊ ጥቁሩን ሱሪ ለብሷል።

"ትል ነው" አለች ሐኪሟ። "የአንጀት ትል። ከዚያ ጭቃ የገባ ይመስለኛል።"

"ሌላስ?"

"ደምዎ አንሷል። እሱም ከትሉ ነው።"

"ከዚያ ሌላስ?"

ሐኪሟ የያዘችውን እስክሪብቶ አስቀመጠች። "አባትዎ ከሞቱበት ጋር የሚያገናኝ ነገር አላየሁም። መድኃኒቱን ይውሰዱና ተመልሰው ይምጡ፤ ደግሜ አያለሁ። አንጀትዎ ግን የሚድን ነው።"

ሚሊ "እሺ" አለ። "እሺ፣ እሺ" አለ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ሚስቱ ከተጋቡ ጀምሮ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም ነበርና የምታደርገው ጠፍቷት ጀርባውን ታሻሽ ጀመር። እጇ ሥር የአከርካሪው አጥንት አንድ በአንድ ይቆጠራል። እንዴት እስከዛሬ እጄን እዚህ አላሳረፍኩም አለች በልቧ።

ሲወጡ ሐኪሟ "እርስዎም ይዋጡ" ብላ ለእሷም አዘዘችላት። "አንድ ቤት ነው የምትኖሩት።"

ቤት እንደገቡ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀዳች። ሚሊ የራሱን ዋጠና የሷን ክኒን እያየ "አንቺ ደግሞ ምንሽን ታመምሽና?" አላት።

"አንተ የደበቅከኝን" አለችው፤ ዋጠችውም።

ሚሊ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ወዲያ ወዲህ ገፋው።

"መሞቱን ለምጄው ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ያልቻልኩት እናቴን ነው። አባቴ ታሞ ሳለ ፊቷን አይ ነበር። አንቺ ስትፈሪ ከማይ፣ ምንም ሳታውቂ ቢያልቅ ይሻላል ብዬ ነው።"

"እንግዲያው አሁን እየኝ" አለችው።

ሱሪውን ከገለበጠችበት ቀን ጀምሮ በጥርሷ ይዛው የቆየችው ነገር ያን ጊዜ ለቀቃት። ብርጭቆው ከእጇ አምልጦ ውሃው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ ዕንባዋ በጉንጮቿ ላይ ወረደ። ሚሊ ዓይኑን ወደ መስኮቱ ሊያሸሽ ቃጣው። አላሸሸም። ወንበሩን ጎትቶ ተጠጋትና አልቅሳ እስክትጨርስ ድረስ ፊቷን እያየ ተቀመጠ።