ትኩስ አቧራ

ጀላል በልጁ የሚኮራ ሰው ነው፤ ኩራቱን መደበቅ ደግሞ አያውቅበትም። ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ ወዳለው ግራናይት መቁረጫ ቤቱ የመጣ ደንበኛ ሁሉ፣ የደረጃውን ዋጋ ከመስማቱ በፊት ሰልዋ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አቧራ እንደምታጠና ይሰማል። ሰው ከአቧራ ይሸሻል፣ የእኔ ልጅ ትፈልገዋለች እያለ ይስቃል።

ታዲያ ያቺው ልጅ አንድ ቀን መጥታ፣ አሁን የምፈልገው የእናንተን አቧራ ነው አለችው። ሐሳቧ ደመቀ ላይ ነበር። ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ድንጋይ የሚቆርጠው ደመቀ ነው፤ በልጅነቷ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ሳንሱሲ ሰፈር ድረስ ያዞራት የነበረውም እሱ ነው። የሚቆርጠው በደረቁ ነው። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ብቻ አይደለም፤ ውኃ የእርሳሱን መስመር ያጠፋበታል፣ መስመሩ ከጠፋ ደግሞ ደመቀ ደመቀ አይደለም። ማታ ማታ አንድ ብርጭቆ ወተት ይጠጣል። ወተት አቧራውን አጥቦ ያወርዳል ብሎ ያምናል፤ ጀላልም ስለሚያምን ወተቱን የሚገዛለት እሱ ነው። ሰልዋ ወተት ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ እንደማይወርድ ብትነግራቸው፣ ሁለቱም በትሕትና ሰምተው ወተቱን ቀጠሉ። አሁን ደግሞ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ደረጃ ታዟል፤ ደመቀ ለወራት በዚያ ብናኝ ውስጥ ሊቆም ነው። ሳንባው ሳይበላሽ ሥራውን የሚያስቆም ጀላል ብቻ ነው፣ ጀላልን ደግሞ ማሳመን ያለባት እሷ ናት።

ጀላል ለልጁ አቧራ ሲያዘጋጅ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ሆነ። ከማሽኑ ሥር ያለውን ቆሻሻ መስጠት ነውር መሰለው። ጓሮ ዞሮ፣ አሸንዳው ሥር ለዓመታት ዝናብና ጭቃ ሲፈራረቅበት የኖረውን የድንጋይ ብናኝ ክምር ቆፈረ። አደረቀው፣ በዱቄት ወንፊት ነፋው፣ ንጹሕ ፌስታል ውስጥ ቋጥሮ ሰጣት።

የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ ሰልዋ ግራ ገባት። አቧራው በሞከረችባቸው ሕዋሳት ላይ ይሄ ነው የሚባል ጉዳት አላደረሰም። ጀላል ደስ አለው። የቀራንዮን አቧራ እየዋጥን አድገን ምን ሆንን፣ ደመቀም ቢሆን አለት ነው አላት። ሌላ ተማሪ ብትሆን ነገሩን እዚያው ላይ ትተወው ነበር። ሰልዋ ግን፣ አላህ ይጠብቃትና፣ በቀላሉ የምትረታ አይደለችም። አቧራውን ከየት እንዳመጣው ጠየቀችው። ከጓሮ መሆኑን ሲነግራት ፊቷን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

"አባ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ነበር እኮ።"

በማግስቱ ማስኳን አጥልቃ ደመቀ አጠገብ ቆመች። ዲስኩ ድንጋዩን ሲነክሰው የሚወጣውን ብናኝ መሬት ሳይነካ በትንሽ መምጠጫ ሰበሰበችና፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ላቦራቶሪዋ ይዛው ከነፈች።

ከዚያ አባቷን ጠራችው። ጀላል ላቦራቶሪ ገብቶ ስለማያውቅ፣ ጫማ ይወለቅ እንደሆነ በሩ ላይ ጠየቀ። ሁለት የመስታወት ቱቦዎች አሳየችው። በሁለቱም ውስጥ እኩል ደም፣ እኩል የደቀቀ የእሱ ግራናይት አለ። የጓሮው አቧራ ባለበት ቱቦ ደሙ ከታች ዘቅጦ፣ ከላይ ያለው ፈሳሽ ጥርት ብሏል። የትኩሱ ግን ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው፤ የደሙ ሕዋሳት ፈንድተዋል።

ጀላል ተከራከረ። ድንጋዩ አንድ ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ? ሰልዋ የመለሰችለት በመቁረጫ ቤቱ ቋንቋ ነው። የተላጠ ሽቦና ያልተላጠ ሽቦ ውስጣቸው ያው መዳብ ነው፣ የሚገድለው ግን የተላጠው ነው አለችው። ድንጋይ ሲሰበር አዲስ የተገለጠው ፊቱ ያገኘውን ሁሉ ያጠቃል፤ ሳንባ ውስጥ ሲገባም እንደዚያው። የጓሮውን ዝናቡና ጭቃው ከላይ አልብሰውታል። እሱም ቢሆን መልካም አይደለም፣ ጥርሱ ግን ዶልዱሟል። ደግሞም እርስዎ ያንን ባይሰጡኝ ኖሮ ልዩነቱን አላየውም ነበር ብላ አመሰገነችው።

ጀላል ልጁን ትክ ብሎ አያት። ስሕተቱን እንኳ እውቀት አድርጋለት ነበር። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ከእኔ ቤት ወጣ ወይ ብሎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ቀዩን ቱቦ አነሳው።

"የማን ደም ነው?"

"የኔ።"

ቱቦውን እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ ብሎ መለሰው። ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ደመቀ ያነሳው ማሽኑን ሳያጠፋ ነበርና ጩኸቱ ክፍሉን ሞላው።

"ደመቀ፣ አጥፋው።"

ደመቀ፣ ደንበኛው ከሰዓት በኋላ እንደሚመጣ ጮኾ አስታወሰው።

"ይምጣ። በርሜል ውኃ ይዤ እስክመጣ አንድ ድንጋይ እንዳትነካ። መስመሩን በሚስማር ትጭረዋለህ።"

ማሽኑ ቆመ። ደመቀ እሺ ሊል ሲል ሳል ያዘው። ጀላል ይህን ሳል አያውቀውም፤ ሁልጊዜ የማሽኑ ድምፅ ሸፍኖት ኖሯል። ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ እስኪያበቃ ጠበቀ። ሳሉ ቶሎ አላበቃም።