ስልባቦት የያዘው ሻይ

መተማ ገበያ፣ ከሮቃው ዛፍ ሥር ተቀምጬ ሻይ ሳፈላ ስምንት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ጉልቻዬም በራዴም ሙቀጫዬም እዚያው ናቸው። ከዚያ ቦታ ለምን እንደተነሣሁ ሰው የመሰለውን ስለሚያወራ ነው ይህን የምጽፈው። ፈርቶ ሸሸ የሚልም አለ። አልሸሸሁም።

አሠራሬ ቀላል ነው። ዝንጅብሉን ጣራ ላይ አደርቃለሁ፤ ቀረፋና ቅርንፉዱን ከመጂዳ ሱቅ እገዛለሁ። የምወቅጠው ሰው መጥቶ ሲቀመጥ ነው፤ ቀድሜ አልወቅጥም። የዘነዘናዬን ድምፅ ያልሰማ ሰው የያረጋልን ሻይ ጠጣሁ አይበል።

አዛናውና እኔ አንድ የኔታ ፊት ዳዊት ተምረናል። እኔ አባቴ ሲሞትብኝ አቋርጬ ወጣሁ፤ እሱ ምጽዋ ወርዶ የጣሊያን ቋንቋ ይዞ ተመለሰ። ጣሊያን አገሩን ሲይዝ አስተርጓሚ ሆነ። ከዚያ በፊት እኅቱን ለማግባት ሽማግሌ ልኬበት ነበር። "ለውሃ አፍይ የምሰጣት እኅት የለችኝም" ብሎ መለሳቸው። ሽማግሌዎቹ ቃሉን እንዳለ ይዘው መጡ፤ ገበያው ሳቀ። የሳቁትን እስከ ዛሬ አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ።

በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዓመተ ምሕረት፣ ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ አዛናው ትልቅ ጣሳ ይዞ መጣና ሙቀጫዬ ላይ አስቀመጠው።

"ከእንግዲህ የምትሸጠው ይህን ነው" አለኝ። "ሻዩም ስኳሩም ቅመሙም አንድ ላይ የተፈጨ ዱቄት ነው። የሚገዛው ከጣሊያኖቹ መጋዘን ብቻ ነው። የፈላ ውሃ ታፈስበታለህ፤ አለቀ።"

"ሙቀጫዬስ?"

"ዶሮ አስተኛበት።"

"እምቢ ብልስ?"

"ሮቃው ሥር የሚቀመጥ ሌላ ሰው አይጠፋም። ነገ ቅዳሴ ሲወጣ እኔ ራሴ ቆሜ እያየሁህ ለሰዉ ትቀዳለህ።" ትንሽ ራመድ ካለ በኋላ ዞረ። "ምን ቸገረህ? ድሮም ሥራህ ውሃ ማፍላት ነው።"

ጣሳውን ይዤ ቤት ገባሁ። አንድ ብርጭቆ በጥብጬ ልቀምሰው ስል መጂዳ ያዘዝኳትን ቀረፋ ይዛ ከበር ጠራችኝ። ቆመን ስናወራ ሻዩ ቀዘቀዘ። ስንመለከተው ላዩ ላይ ስስ ስልባቦት ይዟል። መጂዳ በጣቷ ጫፍ ነክታ ቀመሰች።

"ወተት ነው" አለች። "ጥቂት የደረቀ ወተት ቀላቅለውበታል፤ ቅመሙ መልኩን ሸፍኖት ነው። ከድንበሩ ማዶ ገላባት እንግሊዞቹ ዘንድ አይቼዋለሁ። እኔስ እጠጣዋለሁ። እናንተ ግን ጾም ላይ አይደላችሁ?"

"አዛናው ያውቅ ይሆን?"

"እሱ መጾም ከተወ ስንት ጊዜው። ምን ብሎ ያስበዋል?"

እውነቱን ልጻፍ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ይጠጡት የሚል ነበር። ያን ቀን የሳቁብኝ ሁሉ ሳያውቁ ጾማቸውን ይሻሩ፤ ኃጢአቱ የአዛናው፣ የሮቃው ጥላ የእኔ። ብናገር ቦታዬን አጣለሁ፤ ዝም ብል እዚያው ነኝ። ይህን ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁ። ግን የሚቀዳው እጅ የእኔ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም ሰው ምን እንደሆነ የማያውቀውን ነገር ከእጄ ጠጥቶ አያውቅም። ነገ ዝም ብዬ ከቀዳሁ አዛናው ያወጣልኝ ስም ያን ጊዜ እውነት ይሆናል።

በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት ቅዳሴ ወጣ። ገበሬው ጉሮሮው ደርቆ መጥቶ ሮቃው ሥር ሞላ። አባ ገብረማርያምም ነበሩ፤ ያን ጊዜ ሽማግሌ አድርጌ ከላክኋቸው አንዱ እሳቸው ናቸው። አዛናው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከበላዬ ቆሟል።

"ዛሬ ሙቀጫው ታሟል?" አለ ፈረደ የሚባለው ሰሊጥ ገበሬ።

ዱቄቱን በጠበጥኩ፤ ያሉኝን ብርጭቆዎች ሁሉ ሞልቼ ሳንቃው ላይ ደረደርኩ። ፈረደ እጁን ሲዘረጋ ያዝኩት።

"ቆይ፤ ይቀዝቅዝ።"

"ሻይ የሚጠጣው በትኩሱ ነው" አለ አዛናው።

"የእኔ አዎ። የአንተን ጠባይ ገና አላወቅሁትም።"

"ስጣቸው ብያለሁ።"

"እሰጣቸዋለሁ። ማነው የሚያስቸኩለን?"

ሰዉ አንዴ እኔን አንዴ እሱን ያያል። ጥቂት ቆይቶ ፈረደ ብርጭቆው ላይ አጎነበሰ። "ላዩ ላይ የተሸበሸበው ምንድን ነው?" አለ። አባ ገብረማርያም ስንጥር አንሥተው ስልባቦቱን አወጡት። አሸተቱት፤ ብርጭቋቸውን ከፊታቸው ገፋ አደረጉ።

"ወተት" አሉ። "በሁዳዴ። አዛናው ልጄ፣ ይህን ልታጠጣን ነው የሰበሰብኸን?"

አዛናው ጣሳውን አገላብጦ አየው። አለማወቁ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። አላወቅሁም ማለት ግን ከበደው።

"ትእዛዝ ነው" አለ። ቀጥሎ ጉልቻዬን በእግሩ ናደው። "ከዛሬ ጀምሮ እዚህ እንዳላይህ።"

ሙቀጫዬን ትከሻዬ ላይ አነሣሁ። "ጣሳህን የሚያስተናግድ ውሃ አፍይ ፈልግ። እኔ አይደለሁም" አልኩት። ሮቃውን ዞሬ አላየሁትም።

በሚቀጥለው ቀን ጓሮዬ ውስጥ ጉልቻ ጎለትኩ። መጀመሪያ ፈረደ ሚስቱን አሰበችን አስከትሎ መጣ። አሰበች ገና ሳትቀመጥ፣ "ስንት ቅርንፉድ ለስንት ዝንጅብል እንደሆነ ንገረኝ። እነሱን ጣሳ ከምለምን ቤቴ ራሴ እወቅጣለሁ" አለች። ነገርኳት። ሌሎችም ሴቶች መጡ፤ ለሁሉም ነገርኩ፤ ምንም አልደበቅሁም። ሮቃው ሥር አንድ ቦታ ነበረኝ፤ ያን መንጠቅ ቀላል ነው። አሁን አዛናው በየቤቱ ገብቶ ሙቀጫ ይልቀም።

አባ ገብረማርያም የመጡት ከሁሉም በኋላ ነው። በር ላይ ቆመው፣ "ያረጋል፣ ቤትህ እንግዳ ይቀበላል?" አሉ።

"ያን ጊዜ ስቀውብኝ ነበር፣ አባ።"

"ስቄ ነበር" አሉ።

ሙቀጫውን ጎትቼ ከፊታቸው አስቀመጥኩ፤ ዘነዘናውን ሰጠኋቸው።

"እንግዲያውስ ይውቀጡ።"

ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው መውቀጥ ጀመሩ። ጥቂት ወቅጠው ቀና ሲሉ ሙቀጫው ውስጥ አየሁ፤ ቅርንፉዱ አልደቀቀም።

"ገና ነው" አልኳቸው።